አምስት ዓረፍተ ነገር እንዴት «ጥናት» ሆነ? የሕክምና ኅትመቶችን ዓይነት ለይቶ ስለማንበብ

መግቢያ

በጥር ወር 1980 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ለአዘጋጁ ከተላኩለት ደብዳቤዎች መካከል አንዲት አጭር ደብዳቤ አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደብዳቤዋ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች። ጸሐፊዎቿ ጄን ፖርተርና ኸርሼል ጂክ፣ ሆስፒታል ተኝተው የታከሙ የ39,946 ሕሙማንን መዝገብ እንደተመለከቱ፣ ከእነዚህም ውስጥ 11,882ቱ ቢያንስ አንድ ዓይነት ናርኮቲክ መድኃኒት እንደወሰዱ፣ ቀደም ሲል የሱስ ታሪክ ካልነበራቸው መካከል ግን ሱስ መያዙ በአግባቡ የተመዘገበው በአራት ሰዎች ላይ ብቻ እንደሆነ ገለጹ። መድኃኒቱ በምን መጠንና ለስንት ቀን እንደተሰጠ አልተጻፈም። ሕሙማኑ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ምን እንደደረሰባቸውም አልተነገረም። ደብዳቤ እንደመሆኗም ይህን ሁሉ እንድትዘረዝር የሚጠብቅባት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ግን ደብዳቤዋ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ክብሯ እያደገ ሄደ። በ1990 አንድ ስመ ጥር የሳይንስ መጽሔት «ሰፊ ጥናት» ብሎ ጠራት፤ በ2001 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ሳምንታዊ የዜና መጽሔት አዲስ ምዕራፍ የከፈተ ጥናት አደረጋት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኦክሲኮንቲን የተባለው መድኃኒት ከወጣ በኋላ የሚጠቅሷት ጸሐፊዎች ቁጥር በእጅጉ ጨመረ። በ2017 በዚያው መጽሔት የወጣ ቆጠራ እንዳመለከተው ደብዳቤዋ በ608 ጽሑፎች ውስጥ ተጠቅሳለች። ከእነዚህ ውስጥ 72.2 በመቶው ናርኮቲክ በሚታከሙ ሰዎች ላይ ሱስ እምብዛም እንደማይከሰት ማስረጃ አድርገው ያቀረቧት ሲሆን፣ 80.8 በመቶው ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን እንኳ አልገለጹም። በሰሜን አሜሪካ ለደረሰው የኦፒዮይድ ሱስና ሞት ምክንያቱ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ቆጠራውን ያካሄዱት ተመራማሪዎች ደብዳቤዋ ሳይመረመር መጠቀሷ ለቀውሱ የበኩሉን አስተዋጽኦ አድርጓል ብለው ደምድመዋል። መጽሔቱም ከደብዳቤዋ ጋር አንባቢን የሚያስጠነቅቅ ማስታወሻ አያይዟል።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ሕመምተኛን ከማስታገሻ መድኃኒት መከልከል ይገባል የሚል አይደለም፤ ደብዳቤዋም ሐሰት አልነበረችም። ስህተቱ የኅትመቱን ዓይነት ካለመለየት የመጣ ነው። ደብዳቤ እንደ ጥናት ተቆጠረ፤ የመዝገብ ቆጠራ ለረጅም ጊዜ ሕክምና ዋስትና ሆኖ ቀረበ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪም ሆነ ለሕሙማኑ የሚበጀውን የሚፈልግ ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ጤና መኮንን ይኸው ስህተት በየዕለቱ ሊያጋጥመው ይችላል። በመሆኑም «ይህ ጽሑፍ ምን ይላል?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ይህ ጽሑፍ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

ሦስት መለያ ጥያቄዎች

የኅትመት ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ ስማቸውም ከመጽሔት መጽሔት ይለያያል። ስሞቹን በቃል ከማጥናት ይልቅ በእጅ ያለው ጽሑፍ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይበልጥ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው፣ ማስረጃውን የሰበሰበው ማን ነው? የሚል ነው። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ሕሙማንን አይተው፣ ለክተውና ቆጥረው ከሆነ ጽሑፉ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ይባላል። ሌሎች የሰበሰቡትን አጠናቅረው ወይም ተርጉመው ያቀረቡ ከሆነ ሁለተኛ ደረጃ ምንጭ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት የመረመረው ማን ነው? የሚል ነው። በሙያው የተካኑና ከጥናቱ ነጻ የሆኑ ሰዎች አይተውት እንዲታረም አድርገው ከሆነ በአቻ ባለሙያዎች የተገመገመ ይባላል። አዘጋጁ ብቻ ያየው ወይም ማንም ያላየው ጽሑፍም አለ። ሦስተኛው ጥያቄ፣ ጽሑፉ የተጻፈው ለምን ዓላማ ነው? የሚል ነው። አዲስ ግኝት ለማሳወቅ፣ ጥርጣሬ ለማንሳት፣ አስተያየት ለመስጠት፣ ሥራን ለመምራት ወይም ዕቃ ለመሸጥ ሊሆን ይችላል።

በአንድ መጽሔት ገጾች ውስጥ

ብዙውን ጊዜ «በእገሌ መጽሔት ላይ ወጥቷል» የሚለው ንግግር እንደ በቂ ማስረጃ ይወሰዳል። ይሁን እንጂ በአንድ መጽሔት፣ በአንድ ዕትም ውስጥ እንኳ ክብደታቸው እጅግ የተለያየ ጽሑፎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ዋናው የምርምር ጽሑፍ በአብዛኛው መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤትና ውይይት በሚሉ ክፍሎች ይደራጃል። ከእነዚህ ሁሉ ዓይነቱን የሚያሳውቀው የዘዴው ክፍል ነው። ተሳታፊዎቹ እንዴት እንደተመረጡ፣ ስንት እንደነበሩ፣ ምን እንደተለካና ለምን ያህል ጊዜ ክትትል እንደተደረገ ሌላ ሰው ሊደግመው በሚችል መልኩ ካልተገለጸ ጽሑፉ «ጥናት» የሚለውን ስም ቢይዝም ሊመዘን አይችልም። የዘዴው ክፍል የጥናቱንም ዓይነት ይናገራል። ሕሙማን በዕጣ ተመድበው የሚነጻጸሩበት ሙከራ የሕክምናን ጥቅም ለማወቅ ጠንካራው መንገድ ነው። በአንጻሩ በጤና ሳይንስ ተማሪዎች ዘንድ የተለመደው የአንድ ወቅት ቅኝት ጥናት አንድ ችግር ምን ያህል እንደተስፋፋና ከምን ጋር አብሮ እንደሚታይ ይነግራል እንጂ የትኛው የየትኛው መንሥኤ እንደሆነ ብቻውን ሊያረጋግጥ አይችልም።

የአንድ ወይም የጥቂት ሕሙማን ታሪክ ዘገባ ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም። ስለዚህ ጥርጣሬን ያነሣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ይህ ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 1961 ዊልያም መክብራይድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ዘ ላንሴት ለተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በላከው አጭር ደብዳቤ፣ ታሊዶማይድ በወሰዱ እናቶች ልጆች ላይ የአካል ጉድለት ማየቱን ገልጾ ሌሎች ሐኪሞችም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸው እንደሆነ ጠየቀ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 5 ቀን 1981፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከላት ሳምንታዊ ዘገባ በሎስ አንጀለስ አምስት ወጣት ወንዶች ባልተለመደ የሳምባ ምች መያዛቸውን አሳወቀ። ኋላ ኤድስ የተባለው በሽታ በሕክምና ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ አጭር ዘገባ ነው። ሁለቱም ጽሑፎች የዓይነታቸውን ልክ ጠብቀው ሠርተዋል፤ የማንቂያ ደወል ሆኑ፤ ማጣራቱን ከእነሱ በኋላ ለመጡት ጥናቶች ተዉ።

የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ በየካቲት 1998 በዚያው በዘ ላንሴት የወጣው የአንድሩ ዌክፊልድና የባልደረቦቹ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የ12 ሕፃናትን ታሪክ ይዞ በኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ ጥምር ክትባትና በኦቲዝም መካከል ግንኙነት ሊኖር እንደሚችል ጠቆመ። ማነጻጸሪያ የሌለው የ12 ሕፃናት ዘገባ በየአገሩ ወላጆች ዘንድ የተረጋገጠ ግኝት ተደርጎ ተወሰደ። በ2004 ከጸሐፊዎቹ አሥሩ ከዚያ ትርጓሜ ራሳቸውን አገለሉ፤ በየካቲት 2010 መጽሔቱ ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ሰረዘው። የሥራው አሠራር ከጊዜ በኋላ የተጋለጠ ቢሆንም፣ የጽሑፉን ዓይነት ያስተዋለ አንባቢ ግን ያን ያህል ክብደት ሊሸከም እንደማይችል በመጀመሪያው ቀን ሊያውቅ ይችል ነበር።

ርእሰ አንቀጽ፣ ሐተታና አስተያየት የሚባሉት ደግሞ የጸሐፊውን ዕይታ ይገልጻሉ። የተጻፉት በታላላቅ ሊቃውንት ሊሆን ይችላል፤ የሚነሡት ነጥቦችም ለማሰብ ይረዳሉ። ሆኖም ለአንድ አኃዝ ወይም ለአንድ ሕክምና ማስረጃ ሆነው ሊጠቀሱ አይገባም። በርእሰ አንቀጽ ውስጥ ጠቃሚ አኃዝ ያገኘ ሰው ዋቢውን ተከትሎ አኃዙ የመጣበትን ጥናት መፈለግ ይኖርበታል። እንደዚሁም የመጽሔት ልዩ ተጨማሪ ዕትም ሲያጋጥም ወጪውን የሸፈነው ማን እንደሆነና ግምገማው እንደ መደበኛው ዕትም መካሄዱን ማየት ያስፈልጋል።

ሁለት ዓይነት ዳሰሳ

በአንድ ርእስ ላይ የተጻፉትን የሚያጠናቅር ጽሑፍ ዳሰሳ ይባላል፤ በዚህ ስም ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ። ትረካዊ ዳሰሳ ባለሙያው ያወቀውንና የመረጠውን ጽሑፍ ይዞ ርእሱን ያብራራል። ለጀማሪ ጥሩ መንደርደሪያ ቢሆንም፣ ጸሐፊው ለሐሳቡ የሚስማማውን ብቻ መርጦ እንደሆነ አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ሥርዓታዊ ዳሰሳ በአንጻሩ የራሱ የዘዴ ክፍል አለው። የትኞቹ የመረጃ ቋቶች በምን ቃላት እንደተፈተሹ፣ ስንት ጽሑፎች እንደተገኙ፣ የትኞቹ ለምን እንደተጣሉና የቀሩት ጥራታቸው እንዴት እንደተመዘነ ይገልጻል። የተገኙት ውጤቶች በስታቲስቲክስ ሲዋሐዱ ሜታ አናሊሲስ ይባላል።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ ጥቅም ያለ ጊዜያቸው በሚወለዱ ሕፃናት ታሪክ ጎልቶ ይታያል። ለእናት ከወሊድ በፊት የሚሰጥ ኮርቲኮስቴሮይድ የሕፃኑን ሳምባ እንደሚያበስል ያሳየው የሊጊንስና የሃዊ ሙከራ በኒውዚላንድ ተካሂዶ የታተመው በ1972 ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሙከራዎች በየመጽሔቱ ተበትነው ወጡ። በ1990 የታተመ አንድ ሥርዓታዊ ዳሰሳ 12 ሙከራዎችን በአንድነት ሲመለከት ሕክምናው የአራስ ሞትን እንደሚቀንስ ግልጽ ሆነ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የባለሙያዎች ጉባኤ ሕክምናው በስፋት እንዲሰጥ ያሳሰበው ደግሞ በ1994 ነው። ማስረጃው ተበታትኖ በቆየባቸው ዓመታት ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ ሕፃናት ሞተዋል።

ሆኖም ሥርዓታዊ ዳሰሳም ቢሆን ከውስጡ ካሉት ጥናቶች የተሻለ ሊሆን አይችልም። ቀደምት ሙከራዎች በአብዛኛው የተካሄዱት ባደጉ አገሮች ሆስፒታሎች ውስጥ ነበር። በ2015 የታተመና ኬንያንና ዛምቢያን ጨምሮ በስድስት አገሮች የተካሄደ ትልቅ ሙከራ ሕክምናው እስከ ማኅበረሰብ ደረጃ ሲስፋፋ በአጠቃላይ የአራስ ሞት ከ1,000 ሕያው ልደት ከ23.9 ወደ 27.4 ከፍ ማለቱን አሳየ። በ2020 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ሙከራ ግን የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ በሚታወቅባቸውና ለአራሱ በቂ እንክብካቤ ባለባቸው የእስያና የአፍሪካ ሆስፒታሎች ሕክምናው የአራስ ሞትን እንደሚቀንስ አረጋገጠ። እዚህ ላይ አንባቢው የሚማረው የዳሰሳን ማጠቃለያ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የተካተቱት ሕሙማን እነማን እንደነበሩ መመልከት እንዳለበት ነው።

የሕክምና መመሪያና መማሪያ መጽሐፍ

በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የዕለት ሥራን የሚመራው ጥናት ሳይሆን የሕክምና መመሪያ ነው። መመሪያ ማስረጃን ከአገር አቅም፣ ከመድኃኒት አቅርቦትና ከባለሙያ ብዛት ጋር አገናዝቦ የሚሰጥ ውሳኔ ነው። ስለሆነም ባለሙያ አንድ አዲስ ጥናት ስላነበበ ብቻ መመሪያውን ጥሎ ሊሄድ አይገባም። በአካዳሚያዊ ጽሑፍ ውስጥ ግን መመሪያ «ምን ይደረግ ተብሎ ታዝዟል?» ለሚለው ጥያቄ ምንጭ ይሆናል እንጂ «እውነት ይሠራልን?» ለሚለው የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም።

በዚህ ረገድ ለምሥራቅ አፍሪካ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። ከባድ ትኩሳት ኖሮባቸው የደም ዝውውራቸው ለተዳከመ ሕፃናት በደም ሥር ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ለብዙ ዓመታት በመመሪያና በመማሪያ መጻሕፍት የሠፈረ አሠራር ነበር። በ2011 የታተመው ፊስት የተባለው ሙከራ በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ 3,141 ሕፃናትን በዕጣ መድቦ ይህንኑ ፈተሸ። በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት ፈሳሹን በፍጥነት ካገኙት ሁለት ቡድኖች 10.6 እና 10.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ካላገኙት ግን 7.3 በመቶ ነበሩ። በሙከራው ውስጥ በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸውና በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ስላልተካተቱ ውጤቱ ለእነሱ አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ድንገተኛ ሕክምና መመሪያውን አሻሽሎ ያወጣው በ2016 ነው። በጥናትና በመመሪያ መካከል የዓመታት ርቀት ሊኖር ስለሚችል፣ መመሪያን ወይም መማሪያ መጽሐፍን የሚጠቅስ ሰው የታተመበትን ዓመት አስተውሎ ከዚያ ወዲህ የወጣውን መፈለግ ይጠበቅበታል።

ከመጽሔት ውጭ ያሉ ጽሑፎች

ቅድመ ኅትመት የሚባለው ጽሑፍ በአቻ ባለሙያዎች ከመገምገሙ በፊት ለሁሉም ክፍት ሆኖ የሚቀመጥ ነው። በሕክምናው መስክ ሜድአርካይቭ የተባለው ማከማቻ በ2019 ከተከፈተና የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ከመጣ በኋላ ቁጥሩ በእጅጉ ጨምሯል። ጥቅሙ ፍጥነት ነው፤ ዴክሳሜታዞን በጽኑ የታመሙ የኮቪድ ሕሙማንን ሞት እንደሚቀንስ ያረጋገጠው የብሪታንያ ሙከራ ውጤት በሰኔ 2020 በቅድመ ኅትመት ወጥቶ በሚቀጥለው ወር በመጽሔት ታትሟል። ጉዳቱም በዚያው ወረርሽኝ ታይቷል። በ2020 መጨረሻ ለአይቨርሜክቲን ከፍተኛ ጥቅም የሰጠ አንድ ቅድመ ኅትመት በአኃዞቹ ላይ ከባድ ጥርጣሬ በመነሣቱ በሐምሌ 2021 ተነሥቷል። እስከዚያ ድረስ ግን ወደ ሜታ አናሊሲሶች ገብቶ ድምሩን አዛብቶ ነበር። ስለዚህ ቅድመ ኅትመት ሲጠቀስ «ቅድመ ኅትመት» መሆኑ በግልጽ ሊጻፍ፣ ከጊዜ በኋላም በመጽሔት መውጣቱ ሊረጋገጥ ይገባል።

በጉባኤ ላይ የሚቀርብ አኅጽሮተ ጽሑፍም በዝርዝር ያልተመረመረ ነው። በ2018 የወጣ አንድ የኮክራን ዳሰሳ ከ307,000 በላይ አኅጽሮተ ጽሑፎችን ተመልክቶ ከእነዚህ ውስጥ ሙሉ ጽሑፍ ሆነው የታተሙት 37.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል። የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ በመምህራን ቦርድ ይፈተናል፤ ዘዴውና መጠይቁ በስፋት ስለሚቀርብ ብዙ ዝርዝር ይገኝበታል። ይሁን እንጂ ፈተናው የመጽሔት ግምገማ ስላልሆነ በስሙ ሊጠራ ይገባል።

የመንግሥትና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘገባዎች በመጽሔት ባይወጡም ብዙ ጊዜ ከመጽሔት ጽሑፍ የበለጠ ክብደት አላቸው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ቅኝት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 የተካሄዱት ቅኝቶች ናሙናቸውና ዘዴያቸው በዝርዝር ተገልጾ ታትመዋል። የ2016ቱ ዘገባ የእናቶችን ሞት ከ100,000 ሕያው ልደት 412 እንደሆነ ገምቷል። ይህን አኃዝ የሚፈልግ ተማሪ መጥቀስ ያለበት ዘገባውን ራሱን ነው እንጂ ከዘገባው የቀዳውን የሦስተኛ ሰው ጽሑፍ አይደለም። ሌላም ማስተዋል የሚገባ ነገር አለ፤ ከአንድ ቅኝት መረጃ ብዙ ጽሑፎች ሊወጡ ይችላሉ። አምስት ጽሑፎች አንድን ነገር ቢናገሩም አምስቱም የአንድ ቅኝት ልጆች ከሆኑ ምስክሩ አንድ ነው።

መጽሔት መስለው የሚታዩ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም የመጽሔትን ስም የሚያወጣው አሳታሚው ነው። በ2009 በአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ሲታይ በነበረ ክርክር፣ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምና መጽሔት የሚል ስም ይዞ የወጣ ኅትመት እውነተኛ መጽሔት ሳይሆን በመድኃኒት ፋብሪካው በመርክ ወጪ የተዘጋጀ የጽሑፎች ስብስብ መሆኑ ተገለጠ። አሳታሚው ኤልሴቪየርም ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት እንዲህ ያሉ ስድስት ኅትመቶች ማውጣቱን አምኗል። መልካቸው፣ ርእሳቸውና አሰዳደራቸው የመጽሔት ነበር፤ ዓላማቸው ግን ማስታወቂያ ነበር።

ሌላው አደጋ ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ አሳሳች መጽሔቶች ናቸው። በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ተብሎ በግልጽ ስህተት የተሞላ የውሸት ጥናት አዘጋጅቶ በሌሉ ጸሐፊዎችና በሌሉ ተቋማት ስም ለ304 ክፍት መጽሔቶች ላከ። ከስሞቹ አንዱ በአስመራ ይገኛል የተባለ የፈጠራ የሕክምና ተቋም ነበር። ሳይንስ በተባለው መጽሔት ይፋ ባደረገው ውጤት 157ቱ መጽሔቶች ጽሑፉን ሲቀበሉት 98ቱ ብቻ አልቀበልም ብለዋል። በክፍያ ማተም በራሱ ነውር አይደለም፤ ብዙ የተከበሩ መጽሔቶች ከጸሐፊዎች ይከፈላቸዋል። አሳሳቹ የሚታወቀው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለማተም ቃል በመግባቱ፣ የአዘጋጆቹ ማንነት ባለመታወቁና ከሌላ ስመ ጥር መጽሔት ጋር የሚመሳሰል ስም በመያዙ ነው። የዚህ ዓይነት መጽሔት ሰለባው አንባቢ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ድካም የሠራውን እውነተኛ ጥናት ሳያውቅ ለእንዲህ ያለ መጽሔት የሰጠ ወጣት ተመራማሪም ልፋቱ ከንቱ ይቀርበታል።

ግምገማ ዋስትና ስላለመሆኑ

በአቻ ባለሙያዎች መገምገም ጽሑፍን ያሻሽላል እንጂ እውነተኛነቱን አያረጋግጥም። በግንቦት 22 ቀን 2020 በዘ ላንሴት የወጣ ጽሑፍ ከ671 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ የ96,032 ሕሙማን መረጃ ይዣለሁ ብሎ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለኮቪድ ሕሙማን ጎጂ መሆኑን ገለጸ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀናት ውስጥ የራሱን ሙከራ በዚያ መድኃኒት ክፍል ለጊዜው አቆመ። መረጃው በነጻ ወገን ሊረጋገጥ ባለመቻሉ ግን ጽሑፉ በሰኔ 4 ቀን ተሰረዘ። መድኃኒቱ ለኮቪድ እንደማይጠቅም የተረጋገጠው በኋላ በታተሙ ሙከራዎች ነው፤ ያም ቢሆን የተሰረዘው ጽሑፍ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ከመጥቀስ በፊት ጽሑፉ በፐብሜድ ወይም በመጽሔቱ ገጽ ላይ «የተሰረዘ» የሚል ምልክት እንዳለው መመልከት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

በተግባር

አንድ ጽሑፍ በእጅ ሲገባ የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ማከናወን ይጠቅማል።

1. የጽሑፉን መደብ ማየት። አብዛኞቹ መጽሔቶች ከርእሱ በላይ «ዋና ጥናት»፣ «ዳሰሳ»፣ «ርእሰ አንቀጽ» ወይም «ደብዳቤ» የሚል መለያ ያትማሉ። ፐብሜድም የእያንዳንዱን ጽሑፍ ዓይነት መዝግቦ ስለሚይዝ ፍለጋን በዓይነት ማጥበብ ይቻላል። ሆኖም በፐብሜድ መገኘት ብቻውን የጥራት ማኅተም አይደለም፤ ደብዳቤውም፣ የተሰረዘውም፣ አንዳንድ ቅድመ ኅትመትም እዚያው ይገኛል።

2. የዘዴውን ክፍል ማንበብ። የዘዴ ክፍል ከሌለው ጽሑፉ አስተያየት፣ ትረካ ወይም ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። አኅጽሮቱን ብቻ አንብቦ መጥቀስ አደገኛ ነው። ሙሉ ጽሑፉን መክፈል የማይችሉ ተቋማት በዓለም ጤና ድርጅት በ2002 በተጀመረው በሂናሪ በኩል ሊያገኙት ይችላሉ።

3. ጽሑፉ የደረሰበትንና ተቀባይነት ያገኘበትን ቀን ማነጻጸር። በሁለቱ መካከል ጥቂት ቀናት ብቻ ካሉ ግምገማው መካሄዱ ያጠራጥራል።

4. ወጪውን የሸፈነውንና የጸሐፊዎቹን የጥቅም ግንኙነት መመልከት።

5. ወደ ምንጩ መሄድ። በሌላ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰን ነገር ምንጩን ሳያዩ ማስተላለፍ አይገባም። ይህ በተለይ በዚህ ዘመን ይጠነክራል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ መሣሪያዎች እውነተኛ የሚመስሉ፣ ነገር ግን ፈጽሞ ያልታተሙ ጽሑፎችን በዋቢነት ሊያቀርቡ ይችላሉ።

6. ሲጠቅሱ ዓይነቱን መግለጽ። «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ከማለት ይልቅ «በሦስት ሕሙማን ዘገባ»፣ «በአንድ ሆስፒታል በተካሄደ የአንድ ወቅት ቅኝት»፣ «ለአዘጋጁ በተላከ ደብዳቤ» ብሎ መጻፍ አንባቢው ሚዛኑን ራሱ እንዲይዝ ያስችለዋል።

መደምደሚያ

እያንዳንዱ የኅትመት ዓይነት የራሱ ቦታ አለው። ደብዳቤ ያነቃል፤ የሕሙማን ዘገባ ያመለክታል፤ ሙከራ ይፈትናል፤ ሥርዓታዊ ዳሰሳ ያጠቃልላል፤ መመሪያ ይመራል። ጉዳት የሚደርሰው አንዱ በሌላው ወንበር ሲቀመጥ ነው። ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት የተመራማሪ ብቻ ግዴታ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ በመድኃኒት ማዘዣ ላይ የሚፈርም፣ ለሕመምተኛ ምክር የሚሰጥና ተማሪን የሚያስተምር ባለሙያ ሁሉ ድርሻ ነው።

የ1980ዋን ደብዳቤ ማንበብ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ከፍቶ ያነበባት ሰው ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን፣ የመድኃኒቱ መጠንና የክትትሉ ጊዜ አለመጠቀሱን፣ በደብዳቤዎች ዓምድ ሥር መታተሟን በአንድ ጊዜ ያያል። በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም እንደሚወቀስ ሁሉ፣ ጽሑፉን ሳያይ የሚጠቅስ ባለሙያም ከዚያ የተለየ ሥራ አልሠራም።